31 የሌለበት ሠንጠረዥ

ይህን የምጽፈው ድሬዳዋ ውስጥ፣ ወይም ደረሰኝ በሁለት ዘመን አቆጣጠር በሚጻፍበት ሌላ ከተማ፣ ዳታቤዝ ውስጥ ትንበያ ልሥራ ብሎ ለተነሣ ሰው ነው። እኔን ያስጠነቀቀኝ አልነበረም። አንድ ሰው "መጀመሪያ 31ኛውን ቀን ቁጠሪ" ቢለኝ ኖሮ ሰባት ሳምንት የፈጀብኝን ነገር በአንድ ከሰዓት በጨረስኩት ነበር።

የምሠራው የታሸገ ውሃና ለስላሳ በጅምላ በሚያከፋፍል ድርጅት ነው። ጥያቄው ቀላል ነበር፦ ለሚቀጥለው ሳምንት ለየቅርንጫፉ ስንት እሽግ ውሃ ይታዘዝ? በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ውሃ ካለቀብን ባለሱቁ ሌላ አከፋፋይ ዘንድ ይሄዳል፣ አንዳንዱ እዚያው ይቀራል። ከበዛ ደግሞ ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ሲግል ይከርማል።

መረጃው ሁሉ ፖስትግረስ በሚባል የዳታቤዝ ፕሮግራም ላይ ነው። የወሰድኩት ሥልጠና "መረጃውን አውጥታችሁ በፓይተን ሥሩ" ይላል፤ ፓይተን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው። ያኔም አልተቀበልኩትም፣ ዛሬም አልቀበልም። ከእኔ በፊት የነበሩት ወደ ኤክሴል ያወጡ ነበር፤ ኤክሴል አንድ ገጽ ላይ ከ1,048,576 ረድፍ በላይ አይዝምና የተረፈው ተቆርጦ ይቀራል። በሦስት ሰው ፍላሽ ላይ ሦስት የተለያየ "የመጨረሻ" ፋይል አግኝቻለሁ። ስሌቱ እዚያው ዳታቤዙ ውስጥ ሲሠራ ግን ሁላችንም የምናየው አንድ ቁጥር ነው። መብራት ሲጠፋም ጀኔሬተር ያለው ለሰርቨሩ እንጂ ለእኔ ላፕቶፕ አይደለም።

ቀላሉን በአጭሩ ልለፈው። ቀጥሎ የምጠራቸው ፖስትግረስ ውስጥ አብረው የሚመጡ የስሌት ተግባራት ናቸው። መካከለኛውን ቁጥር ለማግኘት ፐርሰንታይል ኮንት አለ፤ አንድ ቀን የመጣ ትልቅ ትእዛዝ አማካዩን ስለሚያዛባው እኔ ከአማካይ ይልቅ እሱን እመርጣለሁ። ያለፈውን ሳምንት ተመሳሳይ ቀን ጎን ለጎን ለማየት ላግ፣ ለቀጥታ መስመር ሬግር ስሎፕና ሬግር ኢንተርሴፕት በቂ ናቸው። ሬግር ስሎፕ የሚተነበየውን አስቀድሞ፣ ምክንያቱን አስከትሎ ነው የሚቀበለው፤ ቦታቸውን ብታቀያይሩ ዝም ብሎ ሌላ ቁጥር ይሰጣችኋል። ሽያጭ ያልነበረበት ቀን ሠንጠረዡ ውስጥ ረድፍ የለውም፤ ስለዚህ ተከታታይ ቀን በሚያወጣው ጄኔሬት ሲሪስ ቀኑን ሁሉ ደርድራችሁ ባዶውን በዜሮ ሙሉት። ፓይተንን ዳታቤዙ ውስጥ የሚያሠራው ፒኤል ፓይተን እንዲጫን ጠይቄ የሰርቨሩ ኃላፊ ከለከለኝ፤ በእሱ የሚጻፍ ፕሮግራም የሰርቨሩን ፋይሎች መንካት ስለሚችል መከልከሉ ትክክል ነበር። የትንበያ ተግባራትን ለዳታቤዝ የሚጨምረው ማድሊብም ሰርቨሩ ላይ መጫን ስለሚፈልግ ተውኩት። የሬግር ተግባራት አንድ ምክንያት ብቻ ነው የሚቀበሉት። ስለዚህ መጀመሪያ የየወሩንና የየሳምንቱን ቀን መካከለኛ ሽያጭ አወጣሁ፣ ከዚያ የቀረውን ልዩነት ከቀኑ ሙቀት ጋር አያያዝኩት። ለዚህ ሥራ ከዚህ የረቀቀ ነገር አያስፈልግም ብዬ አምናለሁ።

የተበላሸው ሌላ ቦታ ነው።

ትልቁ ቅርንጫፋችን ሳቢያን ሰፈር ያለው ነው። የመጀመሪያው ውጤቱ ሲወጣ ደስ ብሎኝ አላባራሁም። ሽያጩ በሴፕቴምበር ከፍ ይላል፤ እንቁጣጣሽና መስቀል ነው አልኩ። በየዓመቱ ኤፕሪል 19 ላይ ድንገት ይዘላል፤ የ2020ውን ቀን መቁጠሪያ ገልጬ ባይ የዚያ ዓመት ፋሲካ በትክክል ኤፕሪል 19 ነው። ስለዚህ ፋሲካ ነው አልኩ። ፋሲካ በየዓመቱ ቀኑ እንደሚለዋወጥ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። አንዱን ዓመት አየሁና ሌሎቹን ማየት ተውኩ። ከጁላይ 2022 ጀምሮ ደግሞ ሽያጩ እጥፍ ይሆናል። ይህን "እድገት" ብዬ በስብሰባ ላይ አቀረብኩ። ሥራ አስኪያጁ ተደሰቱ፤ ወር ሳይሞላ ሳቢያን ላይ ሁለተኛ መጋዘን ተከራዩ። በዚያ መጋዘን በር ባለፍኩ ቁጥር ዛሬም ሆዴን ይቆርጠኛል።

እውነቱን የነገሩኝ ስቶር ኪፐሩ ናቸው። ከሃያ ዓመት በላይ ውሃና ለስላሳ ሲያወጡና ሲያስገቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ስለ ትእዛዝ ልጠይቃቸው ሄጄ ወረቀቱን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አንድ መስመር ላይ ቆሙ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የ2012 ፋሲካ ነው ጋሼ። ሚያዝያ 11።"

"አቦ፣ አንቺ ልጅ! የ2012 ፋሲካ እኮ ኮሮና ነበር። ሰው በየቤቱ ሆኖ ነው ያከበረው። ማን ወጥቶ ነው ይሄን ሁሉ ውሃ የገዛን? እኔ እዚች በር ላይ ብቻዬን ነበር የተቀመጥኩት።" ወረቀቱን መለሱልኝ። "ይሄን ያህል የምናወጣው ለቁልቢ ነው።"

ቁልቢ ገብርኤል ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ነው። በአውሮፕላንና በባቡር የመጣው ተሳላሚ ድሬ ላይ ወርዶ የደንገጎን ዳገት ይወጣል፣ ውሃውንም ከእኛ ከተማ ይዞ ነው የሚሄደው። ታኅሣሥ አራተኛ ወር ነው። ኤፕሪልም አራተኛ ወር ነው። 19/04። መጋዘኑ በር ላይ እንደቆምኩ እግሬ ከዳኝ።

ማታውን ቢሮ ተመልሼ የሳቢያንን ሽያጭ በወሩ ቀን ከፋፍዬ ቆጠርኩት፤ 1ኛው ቀን ስንት፣ 2ኛው ስንት፣ እያልኩ። በሠንጠረዡ መሠረት ከ2018 መጀመሪያ እስከ 2022 አጋማሽ ድረስ 31ኛ ቀን ያላቸው 31 ወራት አሉ። በአንዱም 31ኛ ቀን ላይ አንድም ሽያጭ የለም። የእኛ ወር 30 ቀን ነውና ከየት ይመጣል? ጥያቄው አንድ መስመር ነው፣ መልሱም በሰከንድ ይመጣል፤ እኔ ግን በዚህ ጥያቄ መጀመር ሲገባኝ የጨረስኩት በእሱ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ቅርንጫፉ እስከ ሰኔ 30 ቀን 2014 ድረስ በአሮጌው ፕሮግራም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲመዘግብ ቆይቶ ሐምሌ 1 ወደ አዲሱ ገባ፤ አዲሱ በፈረንጅ ነው። አሮጌውን መረጃ ያስገባው ባለሙያ ዓመቱ ወደ ኋላ የቀረ ስለመሰለው በእያንዳንዱ ቀን ላይ 8 ዓመት ደመረበት። ወሩንና ቀኑን አልነካም። መስከረም 1 ቀን 2014 በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11፣ 2021 መሆን ሲገባው ጃንዋሪ 1፣ 2022 ሆነ፤ 112 ቀን ወደ ፊት። ዓመቱ ትክክል ስለሚመስል ዓይን አይዘውም። ባለሙያው ሥራ ለቆ ሄዷል፤ ይህን አድርጌያለሁ የሚል አንድ መስመር ማስታወሻ እንኳ አልተወም። በዚህ እስከ ዛሬ እናደዳለሁ።

አሁን ሁሉም ተፈታ። የ"እንቁጣጣሹ" ከፍታ የግንቦት ሙቀት ነው፤ ግንቦት ዘጠነኛ ወር ስለሆነ ሴፕቴምበር ተባለ። "ፋሲካው" ቁልቢ ነው። "እድገቱ" ደግሞ ምንም አይደለም፦ የአሮጌው ፕሮግራም የመጨረሻ ሽያጭ ወደ ፊት ተገፍቶ እስከ ኦክቶበር 30፣ 2022 ደርሷል፣ አዲሱ ግን ከጁላይ 8 ጀምሯል። ወደ አራት ወር የሚጠጋ ጊዜ ሁለት የተለያየ ወቅት አንድ ላይ ተደምሮ ነበር። ሁለተኛው መጋዘን የተከራየው በዚህ ምክንያት ነው። የሳምንቱ ቀናትም ተበጣጥሰዋል፤ ድሬ ውስጥ ዓርብ ከሰዓት የሚቀዘቅዘው ገበያ በአንዱ ወር ማክሰኞ፣ በሌላው ወር ሐሙስ ላይ ይታይ ነበር።

ከዚህ የባሰ ግን ነበረ። ጳጉሜን 13ኛ ወር ነው፤ ፖስትግረስ 13ኛ ወር አያውቅም። ጥቅምት ሁለተኛ ወር ነው፤ 30/02 በፈረንጅ የለም፣ 29/02ም ሠግር ዓመት ካልሆነ የለም። ፖስትግረስ እነዚህን ቀኖች አልቀበልም ብሎ ስህተት አሳይቷል፤ ሥራውን ሠርቷል። ችግሩ የማስገቢያው ስክሪፕት ነው፦ ማንኛውም ስህተት ሲመጣ ዝም ብሎ ወደሚቀጥለው ረድፍ እንዲያልፍ ተደርጎ ተጽፏል። ስለዚህ በአምስቱ ዓመት 21 የጳጉሜን ቀንና 9 የጥቅምት ቀን፣ በድምሩ የ30 ቀን ሽያጭ ጠፋ። የ2012 ጥቅምት 29 ብቻ ተርፏል፣ ምክንያቱም ፈረንጆቹ 2012ን እንደ ሠግር ዓመት ይቆጥሩታል። ፌብሩዋሪ ላይ 30 ስለማይጠበቅ የጥቅምቱ ጉድለት ጭራሽ አይታይም። ጳጉሜን ደግሞ ባለሱቅ ሁሉ ለእንቁጣጣሽ የሚጭንበት ጊዜ ነው። ከዓመቱ ውስጥ ትንበያ በጣም የሚያስፈልገኝን ቀን ነው ያጣሁት።

ለገባው መረጃ መፍትሔው ቀላል ነበር። 8 ዓመቱን ቀንሼ ወደ ተጻፈበት ቀን መለስኩት፣ ከዚያ ከሚሊኒየሙ ጀምሬ ቆጠርኩ። መስከረም 1 ቀን 2000ን ሴፕቴምበር 12፣ 2007 አክብረናል፣ ማንም አይረሳውም። ከዓመቱ 2000 ቀንሱና በ365 አባዙ፤ ዓመቱን ለ4 አካፍላችሁ ትርፉን ጥላችሁ 500 ቀንሱና ደምሩ፤ ከወሩ 1 ቀንሳችሁ በ30 አባዝታችሁ ደምሩ፤ በመጨረሻ ከቀኑ 1 ቀንሳችሁ ደምሩ። ያንን ያህል ቀን ሴፕቴምበር 12፣ 2007 ላይ ስትጨምሩ የፈረንጁን ቀን ታገኛላችሁ። ለ2015 መስከረም 1 ሞክሩት፤ 5,478 ቀን፣ ሴፕቴምበር 11፣ 2022። ፖስትግረስ ሙሉ ቁጥርን ለሙሉ ቁጥር ሲያካፍል ትርፉን ራሱ ስለሚጥል ለዚህ አንድ ተግባር ይበቃል።

የጠፉት 30 ቀናት ግን ያሉት ወረቀት ላይ ብቻ ነው፣ የደረሰኙ ፓድ ደግሞ ከዚራ ባለው ዋናው ቢሮ ማኅደር ክፍል ተቆልፎበታል። የሂሳብ ክፍል ኃላፊውን ለመንኩ። ደብዳቤ አምጪ አሉ። ደብዳቤ አመጣሁ፤ ማኅተም የለውም አሉ። ማኅተም አስደረግኩ፤ ኦዲት ላይ ስለሆንን ሰነድ አይነካም አሉ። ኦዲቱ የዚያን ዓመት ነው፣ እኔ የምፈልገው የድሮውን ነው ብላቸው፣ "መረጃው ኮምፒዩተሩ ውስጥ አለ አይደል እንዴ፣ ወረቀት ምን ያደርግልሻል?" አሉኝ። ኮምፒዩተሩ ውስጥ የለም፣ የመጣሁት ለዚህ ነው ብዬ ከመጀመሪያው አስረዳሁ። ጳጉሜን ለምን እንደጠፋ ስነግራቸው ሳቁ። ከዚያ ቁልፉ ያለው ሰው ፈቃድ ወጣ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሄደ። በመጨረሻ በሩን ያስከፈቱልኝ ስቶር ኪፐሩ ናቸው፤ አብረውኝ ገብተው ከወለል ላይ ሳጥን ሲያነሡ ዋሉ። ፓዱን ከእሳቸው ጋር እያነበብን አስገባነው፤ እሳቸው ይጠሩልኛል፣ እኔ እመታለሁ።

አሁን አንድ የቀን ሠንጠረዥ አለኝ፤ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ረድፍ። የፈረንጁ ቀን፣ የእኛ ቀን፣ የሳምንቱ ቀን፣ ቁልቢ መሆን አለመሆኑ፣ ረመዳን መሆን አለመሆኑ። ረመዳን በፈረንጁም በእኛም አቆጣጠር በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም ስለሚል ወር ብቻ ብትይዙ ታጡታላችሁ። በቀመር አታስሉት፤ ጨረቃ ታይታ የሚታወጅ ነውና ሲታወጅ በእጃችሁ አስገቡት። ቀን በአንድ መልክ ብቻ ይቀመጥ የሚለውን የመማሪያ መጽሐፍ ምክርም አትስሙ። ትክክለኛውን ቀን አስቀምጡ፣ ከጎኑ ጸሐፊው የጻፈውን እንዳለ በጽሑፍ ዓምድ አስቀሩ። የተጻፈው እንዳለ ቢቆይ ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር። ሞዴሉን ስትፈትሹም ሥልጠናው እንደሚለው ረድፎችን በዕጣ አትክፈሉ፤ ትናንትንና ነገን አውቆ ዛሬን መገመት ትንበያ አይደለም። በቀን ቁረጡት፦ ከዚያ በፊት ያለው መማሪያ፣ ከዚያ በኋላ ያለው መፈተኛ። ውጤቱንም ያለፈውን ሳምንት እንዳለ ከመድገም ጋር አወዳድሩት። የመጀመሪያው ሞዴሌ ይህን ፈተና አላለፈም ነበር፤ ያሁኑ ያልፋል።

ትእዛዙ አሁን በየሐሙሱ ከዳታቤዙ ይወጣል። ከመላኩ በፊት ለስቶር ኪፐሩ አሳያለሁ፤ ግዴታ አይደለም፣ እኔ ነኝ የወሰንኩት። የ2011 ጳጉሜን ፓድ ግን አልተገኘም። ዓመቱ ሠግር ስለነበር ስድስት ቀን ነው። ሥራ አስኪያጁ የሌሎቹን ዓመታት አማካይ አስገቢና ይዘጋ ብለውኛል። አላስገባሁም። ስድስቱ ረድፍ ባዶ ናቸው፣ በማስታወሻው ዓምድ ላይም ምን እንደጠፋ፣ መቼ እንደፈለግነውና ማን እንደፈለገው ጽፌበታለሁ።