ከቆርቆሮ ጣሪያ ላይ፣ እንኳን አደረሳችሁ

ጓደኞቼ፣ እንዲሁም ከጣሪያ ላይ የማነሳቸውን የጣና ፎቶዎች ብላችሁ የምትከተሉኝ ሁሉ፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ። ይህን የምጽፈው በዋዜማው ማታ ነው። ጉልበቴ ዝሏል፣ እጄ አሁንም ዝገት ዝገት ይሸታል። ዛሬ ብቻ አሥራ አንድ ጣሪያ ላይ ወጥቻለሁ።

ለማታውቁኝ፣ ዲሽ ሠሪ ነኝ። በባሕር ዳር ከሽምብጥ እስከ አባይ ማዶ የማላውቀው ቆርቆሮ የለም ብል ብዙም አልዋሸሁ። በአዘቦት ቀን ሥራው ቀዝቀዝ ይላል፤ በዓል ሲደርስ ግን ስልኬ አያርፍም። ሰው ክረምቱን ሙሉ ቴሌቪዥኑ «ሲግናል የለም» እያለው ዝም ብሎ ይከርምና ዶሮው ከተገዛ በኋላ ትዝ ይለዋል። አልፈርድበትም። የበዓል ቴሌቪዥን እኮ ማንም ቁጭ ብሎ አያየውም፤ ሽንኩርቱ እየተቁላላ፣ ቡናው እየተቆላ፣ ልጆቹ እየተራገጡ እሱ ጥግ ላይ ለራሱ ያወራል። ሲጠፋ ነው ሁሉም ዞር የሚለው።

ሥራው ራሱ ጩኸት ነው። እኔ ላይ ሆኜ ዲሹን በጣት ስፋት ገፋ አደርጋለሁ፣ ከታች አንድ ልጅ በር ላይ ቆሞ ሳሎን ውስጥ ካለች እህቱ የሰማውን ያስተላልፋል። «መጣ?» «አልመጣም!» «አሁንስ?» «መጣ መጣ መጣ... አለፈ!» ያቺን «አለፈ» የምትል ቃል ስሰማ ጸጉሬ ይቆማል። አንድ ጊዜ፣ በዚሁ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ «መጣ» ሲሉኝ ሒሳቤን ተቀብዬ ሄድኩ። ብሎኑን ግን አላጠበቅኩትም ነበር። ሌሊት ነፈሰ። በማግስቱ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ጥቁር ስክሪን ሲያይ ዋለ። የቤቱ እመቤት እስከ ዛሬ ሲያገኙኝ «ብሎኑስ?» ነው የሚሉኝ። ሰላምታቸው ሆኗል።

ዘንድሮ ስለ ከተማችን ቴሌቪዥን ላውራችሁ። ብዙ ሰው አሚኮን፣ የክልላችንን ጣቢያ፣ ከድሮም እንዲሁ ሙሉ ቀን የነበረ ይመስለዋል። ነገሩ የተጀመረው ግን በወረቀት ነው፤ በኩር ጋዜጣ በ1987 ዓ.ም መታተም ስትጀምር። ሬዲዮውና ቴሌቪዥኑ ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው። ስሟን ልብ ብላችኋል? በኩር ማለት የመጀመሪያ ልጅ ነው። እንደ ብዙ ቤት የመጨረሻው ልጅ፣ ማለትም ቴሌቪዥኑ፣ መጥቶ የቤቱን ቀለብ ጠቀለለው እንጂ።

ቴሌቪዥኑም ቢሆን የራሱ ጣቢያ ይዞ አልተወለደም። መጀመሪያ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ላይ በተሰጠው የአየር ሰዓት ነበር የሚተላለፈው፤ ከሰው ቤት አንድ ክፍል እንደተከራየ ሰው ማለት ነው። አገራዊው ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም ከጀመረ ወዲህ ዜና ከአዲስ አበባ ወደ እኛ ይወርዳል እንጂ ከእኛ ወደ ሌላው አይወጣም ነበር። እናቴ ያኔ የክልሉ ሰዓት ሲደርስ «የእኛዎቹ መጡ» ትል ነበር። የሚታየው የዳንግላ ገበያ ወይም የደንበጫ ማሳ ቢሆንም ለእሷ የእኛዎቹ ናቸው። ያ የተከራየ ክፍል ነው ኋላ ወደ ሳተላይት ወጥቶ፣ ስሙም ከብዙኃን መገናኛ ድርጅት ወደ አማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን ተቀይሮ የምናየው የሆነው።

አሁን ከሙያዬ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔን እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ሳተላይቱ ያለው ከምድር ወገብ በላይ ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ስለዚህ ከጣቢያው አጥር ማዶ ጎረቤት የሆነ ሰው እንኳ የጎረቤቱን ዜና የሚያየው ምስሉ 36,000 ወጥቶ፣ 36,000 ወርዶ፣ ጣሪያው ላይ ካለችው ሰሃን ላይ አርፎ ነው። መንገዱ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። እኔ ከአባይ ማዶ ድልድዩን ተሻግሬ ከተማ ለመግባት ምን ያህል እንደሚፈጅብኝ ደግሞ እናንተው ታውቃላችሁ።

በ2012 እና በ2013 ዓ.ም አካባቢ የአገራችን ጣቢያዎች ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲዞሩ እንጀራዬ ነበር። ናይልሳት በምዕራብ 7 ዲግሪ ላይ፣ አትላንቲክ በኩል ነው። ኢትዮሳት የሚጠቀምበት ኤንኤስኤስ 12 የተባለው ሳተላይት ግን በምሥራቅ 57 ዲግሪ፣ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ የባሕር ዳር ዲሾች ፊታቸውን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አዞሩ። ከፍ ካለ ጣሪያ ላይ ሆኜ ሳየው እንደ ሱፍ አበባ ነበር፤ ግማሹ ዞሯል፣ ግማሹ ገና አልዞረም። የዓረብ ፊልም ጣቢያዎች የጠፉባቸው ልጆች አኩርፈውብኛል። አንዳንድ አባወራ ሁለተኛ ዲሽ አስተክሎ ሁሉንም አስታረቀ።

ከሁሉ የማልረሳው ግን አባይ ማዶ የሄድኩበት ቤት ነው። እንጅባራ አካባቢ ካለው ቀያቸው ልጃቸው ዘንድ የመጡ እማማ ነበሩ። ጀርባቸውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥተው ጥጥ ይፈትላሉ። እኔ ከጣሪያ ወርጄ ሪሲቨሩን ስካን ሳደርግ የአሚኮ ሌላኛው ቻናል፣ ኅብር፣ መጣ፤ በአጋጣሚ የአዊኛ ዜና ነበር። እንዝርቱ ቆመ። እማማ ዞሩ። አንድ ነገር በአዊኛ ተናገሩ፣ ልጃቸው ሳቀ። ምን አሉ ብዬ ጠየቅኩት። «ይህች የማን ልጅ ናት ነው የምትለው» አለኝ። ዜና አንባቢዋን ነው። የምር ዘር ማንዘሯን መጠየቅ ፈልገው ነበር። በአማርኛ፣ በአዊኛ፣ በኽምጣናና በአፋን ኦሮሞ ይሠራል ሲባል ከአፍ የሚወጣ ዓረፍተ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ያን ቀን እንዝርቱ ሲቆም ነው የገባኝ። በዚያ ሰፈር አሁን አራት ቤት ኅብርን ከዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ አስቀምጥልን ብለውኛል።

ቅሬታ የለኝም ማለቴ አይደለም። የስብሰባ ዜና ይበዛል። ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲያጨበጭብ ለማየት ነው እንዴ ብሎን ሳጠብቅ የምውለው እላለሁ አንዳንዴ። ከዚህ ሁሉ ጣናን ቢያሳዩን፤ ታንኳ ሠሪዎቹን፣ ደንገሉን፣ እምቦጭ ውኃውን እየሸፈነበት ያለውን ዓሣ አስጋሪ ከነጭቃው።

አንድ ደንበኛዬ ኤዲተር ነው፣ ከጣቢያዎቹ ባንዱ። የበዓል ፕሮግራሙ ነሐሴ ውስጥ፣ ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበው፣ ቄጤማ ጎዝጉዘው እንደሚቀረጽ የነገረኝ እሱ ነው። ዝናቡ ድምፁን ሲያበላሸው ያቆማሉ፣ ሲያባራ «እንኳን አደረሳችሁ» ይላሉ እንደገና። ዓመቱ ገና አላለቀም እኮ። ነገ ጠዋት ግን እኛ ቡና ስናፈላ እሱ ተረኛ ነው። ዜና አንባቢው አለ፣ ስርጭት ክፍል የሚያድሩ ልጆች አሉ፣ ካሜራ ይዞ ከዘንባባው ሥር አበባ የያዙ ልጆችን የሚቀርጽ አለ። ዛሬ ጣሪያው ላይ ሆኜ ደወልኩለት። «ዶሮው ተቀምጦልኛል፣ ማታ እደርሳለሁ» አለ። ባለፈው ዓመትም እንደዚያው ብሎ ነበር፤ ሲደርስ ልጆቹ ተኝተው ነበር።

መንገድ ተዘግቶበት ዘንድሮም ቤተሰቡ ጋ ላልደረሰ ሰው፣ ሰላሙን አምጥቶ ለከርሞ ያገናኛችሁ።

ነገ ስልኬ ክፍት ነው። ሲግናል ከጠፋባችሁ መጀመሪያ ኬብሉን ከሪሲቨሩ ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩ፣ ግማሹ ችግር እሱ ነው። ካልሆነ ደውሉ፣ ዶሮው እስኪቀርብ ድረስ አነሳለሁ። እትዬ፣ የእርስዎን ብሎን ዛሬ ሁለቴ አጥብቄዋለሁ።