በየአምስት ሴኮንዱ

ጥፋቱን መጀመሪያ የጫንኩት በደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ነበር። ከወተት መሰብሰቢያ ጣቢያዎቹ «ስልኩ ከሰዓት አይደርስም» የሚል ስሞታ በመጣ ቁጥር፣ ብርድ የባትሪን አቅም እንደሚቀንስ አስረዳ ነበር። ውሸት አልነበረም፤ የሊቲየም ባትሪ በእርግጥ ብርድ አይወድም። ነገር ግን ስልኮቹ ላይ የተጫነውን መተግበሪያ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሰው ደግሞ የገዛ ልጁን ቀድሞ አይጠረጥርም።

የመተግበሪያው ሥራ ቀላል ነው። አርሶ አደሩ ያመጣው ወተት በሊትር ይመዘገባል፣ ሒሳቡ ይሠራል፣ መረጃው አዲስ አበባ ወዳሉት ሰርቨሮቻችን፣ ማለትም መረጃውን ወደሚያጠራቅሙት ኮምፒውተሮች፣ ይላካል። አርባ ስልኮች ነበሩን። ስሞታው ሲበዛ አለቃዬ ሁሉም በአዲስ እንዲተኩ የግዢ ወረቀት አዘጋጁ። ከመፈረማቸው በፊት ግን «እስቲ አንዱን ጣቢያ ሄደህ በዓይንህ እይ» አሉኝ።

ጎሕ ሲቀድ ደረስኩ። ጣቢያውን የሚመሩት እናት ጋቢያቸውን ደርበው ወተቱን ውኃ እንዳልተቀላቀለበት በሚያሳየው መለኪያ፣ በላክቶሜትር፣ እየለኩ ይቀበላሉ። ስልኩ ኔትወርክ የሚገኘው መስኮቱ አጠገብ ብቻ ስለሆነ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ ከምስማር ላይ ተንጠልጥሏል።

«ማታ ሞልቼው አድራለሁ፣ ስድስት ሰዓት ላይ በድን ነው» አሉኝ። «ከዚያ በኋላ በደብተር ነው የምጽፈው። እንዲያውም ይዘህልኝ ሂድ፣ ልጄ።»

«ብርዱ ይሆናል፣ እትዬ» አልኩ፤ መልሴ ተዘጋጅቶ የመጣ ነበርና።

ስልኩን ከምስማሩ አውርጄ ስይዘው ጀርባው ሞቋል። እጄ ደንዝዞ ጣቶቼን ማጠፍ ባቃተኝ ጠዋት፣ ከግማሽ ሰዓት በላይ ማንም ያልነካው ስልክ ገና እንደተጣለ እንቁላል ይሞቃል! ማስተካከያውን ከፍቼ ባትሪውን የሚበላው ማን እንደሆነ ሳይ፣ ከሁሉም በላይ የተቀመጠው የእኔው መተግበሪያ ነው።

ያኔ ትዝ አለኝ። ሥራውን ስንጀምር የወተት ዋጋ ሲለወጥ ጣቢያዎቹ ወዲያው እንዲያዩት ተጠይቄ፣ ስልኩ በየአምስት ሴኮንዱ «አዲስ ዋጋ አለ?» ብሎ ሰርቨሩን እንዲጠይቅ አንድ መስመር ኮድ ጻፍኩ። በሰዓት 720 ጊዜ መሆኑ ነው፤ በአርባ ስልክ 28,800። ዋጋው ታዲያ መቼ ይለወጣል? ብዙውን ጊዜ ጾም ሲገባና ጾም ሲፈታ!

የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። ስልክ መልእክት ልኮ እንደጨረሰ ወዲያው አይተኛም፤ ከኔትወርክ ጋር የሚገናኘው ክፍል ሌላ ቢመጣስ ብሎ ለጥቂት ሴኮንዶች ነቅቶ ይጠብቃል። እኔ በየአምስት ሴኮንዱ ስቀሰቅሰው፣ ዓይኑን በከደነ ቁጥር በር እንደሚንኳኳበት ዘበኛ ሆኖ ነበር የሚውለው። ኔትወርክ ሲደክም ስልኩ ድምፁን ለማሰማት የበለጠ ኃይል ስለሚያወጣ፣ እዚያ መስኮት ላይ ጭንቁ እጥፍ ነው።

ተመልሼ ኮዱን ቀየርኩ። አሁን ዋጋ ሲለወጥ ሰርቨሩ ራሱ ስልኩን ይቀሰቅሳል፤ የወተቱ መዝገብም ተጠራቅሞ ጠዋትና ማታ በአንድ ላይ ይላካል። ሁለት ቀን እንኳ አልፈጀም፤ ለዓመታት ብርዱን ስከስ የኖርኩበትን ጊዜ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ግዢው ቀረ። ከሁሉም የሚበልጥብኝ ይህ ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ ስለሆነ፣ ስልክ ቻርጅ በማድረግ ወደ አየር የሚለቀቀው ጭስ ኢምንት ነው። አንድ ስልክ በዕድሜው ከሚያስከትለው ብክለት አብዛኛው የሚደርሰው ገና ሲመረት፣ ማዕድኑ ሲወጣና ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ነው። በአንድ መስመር ኮድ ምክንያት አርባ ጤነኛ ስልኮችን ልንጥል ነበር።

ናፍጣውም አለ። መብራት ሲጠፋ ሰርቨሮቻችን በጄኔሬተር ነው የሚሠሩት። ጥያቄው በዚህ ሁሉ ሲቀንስ ናፍጣውም አብሮ ይቀንሳል ብዬ ለአለቃዬ በኩራት ተናግሬ ነበር፤ ብዙም አልቀነሰም። ሰርቨር ሥራ ቢፈታም ተሰክቶ እስካለ ድረስ መብላቱን አይተውም። ልዩነቱ የታየው የሁለቱን ሰርቨሮች ሥራ ወደ አንዱ አዙረን ሌላውን ጭራሽ ስናጠፋው ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እትዬ ደወሉ። ስልኩ እስከ ማታ እንደሚቆይ ሊነግሩኝ መስሎኝ ነበር። ለካ ሌላ ሐሳብ ገብቷቸዋል፤ ሰርቨሩን በጠየቀ ቁጥር ጥግ ላይ ብልጭ ትል የነበረችው አረንጓዴ ነጥብ ጠፍታባቸዋለች።

«ተኝቶ ነው፣ እትዬ» አልኳቸው። «ሲፈለግ ይነሣል።»

«እኔ ደግሞ የታመመ መስሎኝ» አሉ፣ «በቀን አምስት ጊዜ እያጠፋሁ አበራዋለሁ።»