ጉብታ ፍለጋ፦ ከሰርን ዳታ ጋር የት ደረስኩ?

ሰላም ለሁላችሁ። ፓይተን የተባለውን የኮድ ቋንቋ ከለመድኩ ወዲህ የምለማመድበት ዳታ ስፈልግ የሰርንን አገኘሁ። ሰርን ጄኔቫ አቅራቢያ፣ ከመሬት በታች 27 ኪሎ ሜትር በሚዞር ዋሻ ውስጥ ፕሮቶን ከፕሮቶን የሚያጋጨው ተቋም ነው። ከዳታው ከፊሉን ለማንም በነጻ ይለቃል። ተራ ላፕቶፕ ይበቃል።

የያዝኩት ፋይል ሲኤምኤስ የተባለው የሰርን ዲቴክተር (ከግጭቱ የሚወጡትን ቅንጣቶች የሚመዘግብ መሣሪያ) እ.ኤ.አ. በ2010 ከመዘገበው የተመረጡ 100,000 ግጭቶች አሉት። እያንዳንዱ መስመር ሁለት ሙኦን ይዟል። ሙኦን የኤሌክትሮን ዘመድ ነው፤ ክብደቱ ግን ከ200 እጥፍ በላይ ይበልጣል። ከባድ ቅንጣት ቢፈጠር እንኳ ዲቴክተሩ ጋ ሳይደርስ ይፈርሳል። የሚቀረን ፍርስራሹ ነው። የሁለቱን ሙኦኖች ጉልበትና አቅጣጫ ካጣመራችሁ የወላጃቸው መጠነ ቁስ ይወጣል። ኮዱ ሁለት መስመር ቢሆን ነው።

ሂስቶግራሙን (የትኛው መጠነ ቁስ ስንት ጊዜ እንደወጣ የሚያሳየውን ግራፍ) ስስለው 3.1 ጂኢቪ (የቅንጣት መጠነ ቁስ መለኪያ) ላይ ቀጭን ሹል ጉብታ ብቅ አለ፦ ጄ/ፕሳይ የተባለው ቅንጣት፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ሁለት የአሜሪካ ቡድኖች ለየብቻቸው ያገኙት። 91 አካባቢ ደግሞ ዜድ የተባለው ሌላ ቅንጣት ጉብ ብሏል። እውነቱን ለመናገር ደስ ይላል። ግን የት እንደሚወጡ አስቀድሞ የታወቀ ነው።

አዲስ ከባድ ቅንጣት መፈለግ ሌላ ጣጣ ነው። ለምሳሌ ዜድ-ፕራይም የሚሉትን፣ ዜድን የሚመስል ግን እጅግ የሚከብድ ቅንጣት፣ በዚሁ ዘዴ ይፈልጉታል። ካለ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ወደ ከባዱ ጫፍ ስትሄዱ ዳታው እየሳሳ ይመጣል። 3 ግጭት የሚጠበቅበት ሳጥን (የሂስቶግራሙ አንድ ዓምድ) 7 ይዞ ብታገኙት ምን ትላላችሁ? ሳስበው 7 እና ከዚያ በላይ በአጋጣሚ የመግባት ዕድሉ 3 በመቶ ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል አይደል? እንዲህ ያለ 100 ሳጥን ካያችሁ ግን ሦስቱ ያለ ምንም አዲስ ቅንጣት እንደዚያ ይሆናሉ።

ይህን በዓይኔ ለማየት የውሸት ዳታ ፈጠርኩ። ለስላሳ ቁልቁለትና የዘፈቀደ መዋዠቅ፣ ሌላ ምንም የለውም። ደጋግሜ ሳስኬደው ጉብታ በጉብታ ሆነ፤ አንዳንዱማ ስክሪንሾት ያስነሳል። እስካሁን ከሠራሁት ሁሉ ብዙ ያስተማረኝ ይሄ ነው።

ባለሙያዎቹም ይገጥማቸዋል። ዲሴምበር 2015 ላይ አትላስ የተባለው ሌላው የሰርን ዲቴክተር ቡድንና የሲኤምኤስ ቡድን፣ ሁለቱም በሁለት ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ዳታቸው፣ 750 ጂኢቪ አካባቢ ትርፍ አዩ። የቲዎሪ ሰዎች በጥቂት ወራት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጽሑፎች አዥጎደጎዱ። ኦገስት 2016 ቺካጎ ላይ ተጨማሪ ዳታ ሲቀርብ ጉብታው የለም! ደግነቱ ሁለቱም ቡድኖች አገኘን ብለው አላወጁም ነበር። ለማወጅ 5 ሲግማ (ሲግማ ጉብታው ከተለመደው መዋዠቅ ምን ያህል እንደሚርቅ መለኪያ ነው) ይጠበቃል፤ ይህም አጋጣሚ ብቻውን ያንን የሚያህል ጉብታ የሚሠራው ከ3.5 ሚሊዮን አንዴ ገደማ ነው ማለት ነው። የውሸት ዳታዬን ካየሁ በኋላ ደንቡ የተጋነነ አይመስለኝም።

አሁን የያዝኩት አዲስ ቅንጣት ባይኖር ዳታው የሚይዘውን የቁልቁለቱን ቅርጽ መገመት ነው። ቀመሩን ጉብታውን አይቶ መምረጥ አይቻልም፤ ጉብታውን የሚያጎላ ቀመር ሁሌም ይገኛላ። ስለዚህ የምፈልግበትን ክፍል ሸፍኜ፣ ከግራና ከቀኙ ብቻ እየገመትኩ ነው። ፋይሌ 110 ጂኢቪ ላይ ያልቃል፤ የሰርን ቡድኖች ግን በተለመዱት ሞዴሎች እስከ 5,000 ጂኢቪ ገደማ ፈልገው ዜድ-ፕራይምን አላገኙትም። ቀጥሎ ትልቁን ዳታ ላወርድ ነው። ቅርጽ መገመት ላይ የሠራ ካለ፣ ስንት ፓራሜትር (በቀመሩ ውስጥ የሚስተካከል ቁጥር) ላይ እንዳቆማችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።