ሱሉልታ ላይ ካይት ልናስነሳ ሄደን

ዱባይ የሚኖረው ጓደኛዬ ለገና ሲመጣ 12 ካሬ ሜትር ካይት (ንፋስ ይዞ ቦርድ ላይ የቆመ ሰው የሚጎትት ትልቅ ጨርቅ) በሻንጣ ይዞ መጣ፣ "ይሄ ለቀላል ንፋስ የተሰራ ነው፣ በ8 ኖት ይበራል" አለኝ፣ በሰዓት 15 ኪሎሜትር ገደማ መሆኑ ነው። እሱ እዛ ባህር ላይ ነው የለመደው፣ እኛ ጋ ባህር የለም፣ ግን ጎማ ያለው ቦርድ ስላለው ሜዳ ላይ እንሞክረው ብለን ከአዲሱ ገበያ የሱሉልታ ሚኒባስ ያዝን። ረዳቱ ቦርሳውን አየት አድርጎ የአንድ ሰው ሂሳብ ጨመረብን፣ አልተከራከርንም።

5 ሰዓት ላይ ከመብራት ገመድ በደንብ ርቀን የካይቱን ገመዶች ዘረጋን። የንፋስ መለኪያው 9 ኖት አለ፣ 10 አለ፣ ከዛ 6። ካይቱ ግን ተነሳ! አናታችን ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ እረኞቹ አጨበጨቡ፣ እኔ ቦርዱ ላይ ወጥቼ ጉልበቴን አጥፌ ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩ... ሁለት ሜትር ያህል ተንከባለልኩና ካይቱ እንደ እርጥብ አንሶላ ተጣጥፎ ወረደ፣ አንዲት ላም ደንብራ ሮጠች።

አጠገባችን አውድማ ላይ መንሽ ይዘው የቆሙ አባት ነበሩ። አንድ እፍኝ ገለባ ወደ ላይ በተኑ፣ እግራቸው ስር ወደቀ። "ልጆቼ፣ ይቺ እኮ ገብስ እንኳን ከገለባ አትለይም፣ ከ8 ሰዓት በኋላ ጠብቁ" አሉን።

ቁጭ ብለን ስንጠብቅ ሯጮች አለፉ፣ ያኔ ነው የገባኝ፣ እነሱ የሚመጡት ለሳሳው አየር ነው፣ የኛን ካይት ያደከመውም እሱው ነው። ሱሉልታ 2,700 ሜትር አካባቢ ስለሆነ አየሩ ከባህር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል፣ ጉተታውም በዛው ልክ ይቀንሳል። በዛ ላይ ጉልበት የሚመጣው በንፋሱ ፍጥነት ስኩዌር (ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ) ነው፣ ከ10 ወደ 8 ኖት ሲወርድ ከሲሶ በላይ ይጠፋል። ታዲያ 8 ኖት ሲባል የት ተለክቶ ነው? ካይቱ የሚጎትተው ሰው ስንት ኪሎ ነው (እኔ 84 ነኝ)? ቦርዱስ ከውሃ በላይ ብድግ የሚል ፎይል ነው ወይስ ተራው? "ይበራል" ማለትና "ይጎትታል" ማለት ደግሞ ለየቅል ነው፣ መብረሩንማ በረረ። ጓደኛዬን ውሸታም ልለው አልችልም፣ እኔም ካይቱን አናቴ ላይ አቁሜ ነበር የጠበቅኩት፣ ለካ ቀላል ንፋስ ላይ ወዲያ ወዲህ ስምንት ቁጥር እያስሰራህ ካላንቀሳቀስከው ጉልበት አያወጣም።

9 ሰዓት ላይ መለኪያው 13 አለ፣ ባህር ላይ ቢሆን የ11 ያህል መሆኑ ነው። ካይቱን ወዲያ ወዲህ ሳደርገው ወገቤን ይዞ ነጠቀኝ፣ ምናልባት 60 እርምጃ ያህል ሄጄ ከብቶቹ የተኙበት ጋ በግንባሬ ተደፋሁ። ጓደኛዬ በሳቅ ሊሞት ነው። ሰውየው ቀና ብለውም አላዩኝ፣ ገለባው ወደ ጎን እየሄደላቸው ነበር፣ በጥድፊያ እያዘሩ ነው።