ባቡር ያልወጣው ዳገት

አሮጌውን የጅቡቲ ምድር ባቡር ሐዲድ ከአዋሽ ወደ ምሥራቅ ተከትለን፣ ባመሸንበት ድንኳን እየተከልን ከተጓዝን ወዲህ፣ እኔና ጓደኞቼ በተገናኘን ቁጥር አንድ ጥያቄ ይነሣል። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ፣ ከባሕር ለሚመጣው ሲራራ ነጋዴም መድረሻ ሆና ሳለ፣ ሐዲዱ ለምን በሩቁ በደቡብ ዞሮ አለፈ? መልሱን በእግራችን ለመፈለግ ጥቅምት ላይ ከደብረ ብርሃን ተነሥተን፣ አንኮበር አድረን፣ ወደ ጥንቷ የገበያ ከተማ ወደ አልዩ አምባ የሚወርደውን የጥንት መንገድ ያዝን።

ከጥቂት ሰዓት በኋላ የደጋው ገብስ ቀርቶ ማሽላ ታየ፤ ጠዋት የደራረብነውን ጋቢም እያወለቅን በትከሻችን ጣልነው። ድንጋዩ ከስንት ዘመን ኮቴ ብዛት መሐሉ ተቦርቡሮ ለስልሷል። ሽቅብ የሚመጡ ጭነት የያዙ አህዮች ስናገኝ ጥግ ይዘን ቆምን፤ አንዷም በአጠገባችን አልፋ፣ ማንም ሳይነዳት፣ ከመንገዱ ግራ ጠርዝ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ደግሞ ወደ ግራ እየተጠማዘዘች ወጣች።

«አባቴ፣ እንዲህ መዞሩ አያደክማትም?» አልናቸው ባለቤቷን።

«ቀጥ ብትልማ ግማሽ መንገድ ላይ ትወድቅብኛለች፤ እሷ ታውቅበታለች ልጆቼ» አሉን።

አያቱ ድሬዳዋ በእንፋሎቱ ዘመን የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበሩት ጓደኛችን ነገሩን ያስረዳን እዚያው ቆመን ነው። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሲንከባለል ሐዲዱን ቆንጥጦ የመያዝ ኃይሉ አነስተኛ ስለሆነ፣ የእንፋሎት ባቡር ሙሉ ጭነት ይዞ በ100 ሜትር ርቀት ከ2 ወይም ከ3 ሜትር በላይ ሽቅብ መውጣት እጅግ ይከብደዋል። እንግዲህ በ100 ሜትር 2.5 ሜትር ብንል፣ 1,000 ሜትር ከፍታ ለመውጣት 40 ኪሎ ሜትር ሐዲድ በገደል ላይ መዘርጋት፣ ያውም እንደ አህያዋ በአጭር ሳይሆን በሰፊ ኩርባ ማዞር ያስፈልጋል ማለት ነው። ማሞቂያው የሚፈጀው ውሃ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

ይህ ስሌት በግልጽ የጎዳው ሐረርን ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት የባቡር ውል መሠረት የመጀመሪያው ምዕራፍ ሐረር መድረስ ነበረበት፤ ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ ተራራው ሲደረስ ግን ወጪው ስላልተቻለ፣ ሐዲዱ በግርጌው አለፈ፤ በ1895 ዓ.ም. የደረሰበት ሜዳም ድሬዳዋ ሆነ። ከዚያ የአዋሽን ሸለቆ ይዞ ቀስ በቀስ እየወጣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው።

አንኮበር የተቀደመችው በባቡሩ ብቻ አይደለም፤ መናገሻው ወደ እንጦጦና አዲስ አበባ ሲሄድ ገበያውም አብሮ መሄድ ጀምሮ ነበር። ቢሆንም ለዳገቱ ተገቢው ቦታ እንዲሰጠው እፈልጋለሁ። በ1833 ዓ.ም. ከባሕር ዳርቻዋ ታጁራ ተነሥቶ ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪስ፣ በረሃውን በግመል ቢያቋርጥም፣ ከተራራው ግርጌ ግመሎቹ መውጣት ስላልቻሉ ጓዙ በሰው ሸክም ነው የወጣው። ከስድሳ ዓመት በኋላ መሐንዲሶቹ የሸሹት ዓይነት ዳገት፣ ግመሉን አስቀድሞ መልሶት ነበር።

ማታ አልዩ አምባ አጠገብ ድንኳን ተክለን ካርታውን ዘረጋን። ከዚህ እስከ አዋሽ ያለው የግመል መንገድ ገና አልተነካም፤ በጥር፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ እሱን ወርደን ሐዲዱ ላይ ለመድረስ ተስማምተናል።