ጅግራን ከኢ.ኮላይ ጋር እንዴት አወዳደርኳቸው

«ጅግራና ባክቴሪያ? ምን አገናኛቸው?» ያላለኝ ሰው የለም። እኔንም የገፋፋኝ ይኸው ጥያቄ ነበር።

ከባክቴሪያዎች ኢ.ኮላይን መረጥኩ። በደንብ የተጠና ነው፤ ደግሞም ወፎችን ጨምሮ በደመ ሞቃት እንስሳት አንጀት ውስጥ ይኖራል። መጠንን ወዲያው ተውኩት። አንዷ ከአንድ ኪሎ በላይ ትመዝናለች፣ ሌላው በዓይን አይታይም፤ ይሄ የትም አያደርስም። መራባትም ያው ነው። ጅግራ እንቁላሏን 4 ሳምንት ገደማ ትታቀፋለች፣ ኢ.ኮላይ ሲመቸው በ20 ደቂቃ ለሁለት ይከፈላል።

ነገሩ የጣመኝ ፕሮቲን ላይ ስደርስ ነው። ሌሎች ፕሮቲኖች በትክክል እንዲታጠፉ የሚያግዝ አንድ ፕሮቲን አለ። በባክቴሪያው ግሮኢኤል፣ በወፏ ኤችኤስፒ60 ይባላል። የሁለቱንም የአሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚገነባባቸው ቅንጣቶች) ቅደም ተከተል በነፃ ከሚገኝ የዘረመል ቋት አውርጄ ጎን ለጎን ደረደርኩ። ከአሚኖ አሲዶቹ ግማሽ ያህሉ አንድ ናቸው!

ለምን? የጅግራዋ ኤችኤስፒ60 በዋናነት የሚሠራው የሴሉ ኃይል ማመንጫ በሆነው ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ነው። ሚቶኮንድሪያ ደግሞ ዘሩ የሚመዘዘው ጥንት ራሱን ችሎ ይኖር ከነበረ ባክቴሪያ ነው። (ኢ.ኮላይ ግን አያቱ አይደለም፣ የሩቅ ዘመዱ እንጂ።) በዚያው ሴል ውስጥ፣ ከሚቶኮንድሪያው ውጭ፣ ይህንኑ ሥራ የሚሠራ ሌላ ፕሮቲን አለ። እሱ ከግሮኢኤል ጋር ያለው መመሳሰል በጣም ትንሽ ነው። ስለዚህ ማንም እንዲህ ዓይነት ንጽጽር ሲጀምር መጀመሪያ የወፏ የቱ ክፍል እንደሚወዳደር ቢወስን ብዙ ድካም ይቀርለታል።

በባክቴሪያው በኩል ያለው ጣጣ ደግሞ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ ጥናት ሦስት የኢ.ኮላይ ዓይነቶችን አነጻጽሮ ነበር። ሦስቱም የሚጋሩት ከፕሮቲኖቻቸው ድምር 40 በመቶ እንኳ አልሞላም። ሦስቱም ግን ኢ.ኮላይ ናቸው! ሁለት ጅግሮች በፍጹም እንዲህ አይራራቁም። ጅግራ ጂኗን የምትወርሰው ከእናትና ከአባቷ ነው፤ ባክቴሪያ ግን ከአጠገቡ ካለ ባዕድ ባክቴሪያም ይቀበላል።

እኔ የያዝኩት ኬ-12 የሚባለውን ነው። ጂኖሙ (ሙሉ የዘረመል ጽሑፉ) እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ሲሆን 4.6 ሚሊዮን ገደማ ፊደላት አሉት። አሁን ሰንጠረዤ ላይ ከኢ.ኮላይ ቀጥሎ ሁልጊዜ «ኬ-12» ብዬ እጽፋለሁ። ለጅግራዋ የዝርያዋ ስም ብቻ ይበቃል።