የሴራሚክ ግሪላችሁ ከሻገተ ውሃ እንዳታስነኩት

ድሬ ስንኖር ይሄ ግሪላችን (በከሰል የሚሰራ፣ ክዳን ያለው ወፍራም የሴራሚክ መጥበሻ ነው) ሻጋታ የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም። የድሬ ሙቀት በቃ ሁሉንም ነገር ያደርቀዋል። የባለቤቴ ስራ ሐረር ተቀይሮ ስንመጣ ግን የመጀመሪያው ክረምት ላይ ጉድ አየሁ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት፣ ሐረር ደግሞ 1,900 አካባቢ፣ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ባይሞላም አየሩ ሌላ አገር ነው። ይሄን የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው የምፅፈው።

ፍልሰታ ሳይገባ ሐምሌ መጨረሻ ላይ የፍየል ስጋ ጠበስን፣ ስቡ እስከ ታች ወርዷል። አብሮት የመጣው መመሪያ ስትጨርሱ የላይና የታች የአየር ቀዳዳውን ዝጉ፣ እሳቱ ይጠፋል ከሰሉም ለሌላ ቀን ይተርፋል ይላል፣ እንደተባለው ዘግቼ ሸራውን አለበስኩት። ከዛ ጾም ገባ፣ 15 ቀን ሙሉ ማን ይከፍተዋል፣ ውጪ ደግሞ ዝናቡ አላባራ አለ። ጾሙ ሊፈታ ሲል ክዳኑን ሳነሳው ፍርግርጉ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ለብሷል፣ ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ፣ የተረፈው ከሰል ሳይቀር ሻግቷል። ሴራሚኩ ከውስጥ ስላልተቀባ እርጥበት ይመጥጣል፣ ከሰሉም እንደዛው፣ ስቡ አለ፣ አየሩ ታፍኗል፣ ሻጋታ ሌላ ምን ይፈልጋል?

አሁን የሚያናድደኝ ጋ ልምጣ። የገዛሁበት ሱቅ ደወልኩ። ሰውየው "እህቴ ይሄማ ቀላል ነው፣ በረኪና በጥብጦ ማጠብ ነው፣ ልጅ እልክልሻለሁ" አለኝ። ልጁ በነጋታው መጣ፣ ጎማውን ቧንቧው ላይ ሰክቶ ውስጡን ያጥበው ጀመር። መመሪያው ውሃ አይንካው ይላል'ኮ ስለው "አቦ እትዬ፣ ይሄ ሸክላ አይደል እንዴ፣ ድስት አጥበሽ አታውቂም?" አለኝ። የዱቄት ሳሙና፣ በረኪና፣ እንደገና ውሃ፣ ሲጨርስ እውነት ለመናገር አዲስ መስሎ ነበር። ከዛ "እሳቱ ያደርቀዋል" ብሎ ከሰል ሞልቶ ቀዳዳዎቹን ሁሉ በርግዶ ለኮሰው። እየቆየ ከላይ እንፋሎት መውጣት ጀመረ፣ የበረኪናው ሽታ ጉሮሮ ይይዛል፣ ልጆቹን ቤት አስገባኋቸው። ትንሽ ቆይቶ ጧ! የሚል ድምፅ። ሲበርድ ሳየው የከሰሉ ማስቀመጫ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ውሃ የጠጣ ሴራሚክ ላይ ድንገት ትልቅ እሳት ስትለቅበት ይሄ ነው የሚሆነው። ሱቁ ጋ ስደውል ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ "የአጠቃቀም ችግር ነው፣ ጋራንቲ አይሸፍነውም"። የላከው ራሱ ነው'ኮ! ልጁ የራሱ፣ በረኪናው የራሱ! በዚህ ላይ የጠበስነው ዶሮ በረኪና በረኪና አለ፣ ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ሻጋታው ተመለሰ፣ ምክንያቱም የጠጣው ውሃ ገና ውስጡ ነበር።

የሰራልኝ መንገድ ይሄ ነው። ማስክ አድርጌ የድሮውን ከሰልና አመድ በሙሉ አውጥቼ ጣልኩ (የሻገተ ከሰል ሲነድ ይጠፋል ብሎ ምግብ ስር የሚያስቀምጥ አለ፣ እኔ በጭራሽ አላደርገውም)። ክዳኑን ከፍቼ ፀሐይ በወጣ ቁጥር አናፈስኩት። ከዛ በደረቅ ከሰል ትንሽ እሳት፣ ቴርሞሜትሩ 100 ዲግሪ አካባቢ እያለ ለረጅም ሰዓት፣ ሲደርቅ ቀስ በቀስ 260 እስከ 300 አድርሼ አንድ ሰዓት ያህል አቃጠልኩት፣ ባዶውን፣ ያለ ምግብ። ከዛ በላይ አትሂዱ፣ ክዳኑ ዙሪያ የተለጠፈው ፌልት (ክዳኑ ገጥሞ እንዲዘጋ የሚያደርገው ወፍራም ጨርቅ) ሊቃጠል ይችላል። እንደዛ ሲግል ክዳኑን ባንዴ አትክፈቱት፣ መጀመሪያ ትንሽ ገርበብ አድርጋችሁ አየር አስገቡለት፣ አለበለዚያ እሳቱ ፊታችሁ ላይ ነው የሚወጣው። ሲበርድ የሞተው ሻጋታ ዱቄት ሆኖ በብሩሽ ይረግፋል። ሳሙና ለብረቱ ፍርግርግ ብቻ፣ ያም ታጥቦ በደንብ ከደረቀ በኋላ ይመለሳል።

መመሪያው ዝጉ ይላል፣ እኔ ደግሞ እሳቱ እስኪጠፋ ዝጉ፣ በነጋታው ክፈቱ ነው የምለው። የተረፈውን ከሰል አውጡት፣ አመዱንም አታሳድሩት፣ እርጥብ አመድ ብረት ይበላል። ሸራውን በክረምት ጨርሶ አላለብሰውም፣ ዝናብ የማይደርስበት በረንዳ ስር ቀዳዳዎቹን ከፍቼ አቆመዋለሁ። ጾም ከመግባቱ በፊት ደግሞ ስቡን አቃጥዬ ነው የምተወው።

የተሰነጠቀው ማስቀመጫ ውጪው ደግፎ ስለያዘው እስካሁን ይሰራል፣ መለዋወጫውን ግን እዚህ ፈልጌ አጣሁት። ከሰል በክረምት ስትገዙም ማዳበሪያውን ከስር አስፈትታችሁ እዩ፣ ላዩ ደረቅ ሆኖ ታቹ የራሰ ይሸጡላችኋል።